ውድ

ሙቀቱ አላስተኛኝ፤ ሽርጤን አገልድሜ፣ አልጋ ደጅ አውጥቼ፣
በልጄ ደብተር ጀርባ ስደምር አመሸሁ፣ እንቅልፌን ትቼ፦
አውቶቡስ ለአራት ሰው፤ መሄጃው፣ መምጫው፤
ሦስት ቀን ፔንሲዮን፣ ሻወር ያለበቱ፣ ረከስ የሚለው፤
ምሳ፤ ታክሲ፤ የላስቲክ ውሃ፤ ራት፤
ከዚያ ደግሞ ትኬት፣
ለመጫወቻው ግቢ፣ ለበሩ፣ አንድ ትኬት፣
ለሚሽከረከረው፣ ለሚወዛወዘው፣ ለሚጋጨው መኪና፣
ሌላ ሌላ ትኬት።

ሁሉን በደቂቃ አካፈልኩት፤ ልማዴ ነው፤
ባጃጅ ነጂ መንገድን የሚለካው በሳንቲም ነው።
ሦስት ደቂቃ ሰማይ ላይ መጮህ ማለት፣
ከሳቢያን መጋላ ሰባት ጊዜ መመላለስ ማለት።
ጩኸትማ እዚህም አለ አልኩኝ፣ ያውም በነጻ፣
አሸዋ ገበያ፣ የልባሽ ቦንዳ ሲፈታ ሄዶ ለሚመጣ።

ውድነሽ ተቆጣች፦ «ምን ነካህ ሰውዬ?
ጣሪያው እያፈሰ፣ ልሽከርከር ነው ብዬ
አዲስ አበባ ልሂድ?
ምን ብዬ ልመልስ፣ ሮብሌ ቢጠይቅ?
ልጅ እንደሁ ይረሳል፤ ዕዳ ነው የማይለቅ።»

እኔ ግን አንድ ቀን፣ አምልጦኝ፣ ቃል ገብቻለሁ፦
«ኢዮስያስ፣ አንደኛ ከወጣህ፣ እወስድሃለሁ።»
አቦ፣ ልጁ ወጣ!
ከሠላሳ ሰባተኛ ተነሥቶ አንደኛ! ማን ጠርጥሮ? ጣጣ!

ዕቁብ ደረሰኝ። ከሮብሌም አንድ ሺህ ጨምሬ፣ ሄድን።
ሚኤሶ ላይ ጎማ ፈነዳ፤ አዳማ ላይ ማራኪን አስመለሳት፤
አዲስ አበባ ስንገባ፣ ብርዱ
እንደ ዕዳ ጠያቂ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን።
ካፖርት ማን ይዟል? የድሬ ልጅ ካፖርት የት ያውቃል?
ኢዮስያስ ሸሚዝ በሸሚዝ ደርቦ፣
ከአፉ ጭስ እያወጣ ይስቃል።

አንድ ሰዓት ከሩብ ተሰለፍን።
ልጁን በእንጨት ለኩት፤ አራት ጣት አነሰ፤ «ለከርሞ ይምጣ» አሉን።
ለከርሞ! የከርሞውን ትኬት ማን ሊከፍልልን?
ማራኪማ ብረቱን ገና ስታየው ጀመረች ለቅሶ፤
ትኬቱ እጄ ላይ ቀረ፣ ጫፉ ተበጥሶ።
«አይመለስም ካሉ፣ ገንዘብ ነው፣ አይጣልም» አለች ውድነሽ፤
ልጆቹን ለሰልፍ ጎረቤት ሰጥታ በአደራ፣
ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣
ገባች ከእኔ ጋራ።

ወጣ፣ ወጣና ቆመ።
ከዚያ ወረደ።

አሥራ አራት ዓመት አብረን ስንኖር፣
ስትቆጣ አውቃታለሁ፤ ስታለቅስ፤ ስታማ፤ ዱቄት ስትሰፍር፤
ያንን ድምፅ ግን አላውቀውም ነበር፤
ከሆዷ ሥር የወጣ፣ ግማሹ ሳቅ ግማሹ እሪታ፣
ከእኔ ጋር ያልተዳረ፣ የልጅነት ምስጢር።

ስንወርድ፣ ጸጉሯ ተበትኖ፣ ነጠላዋ መሬት ሲጎተት፣
«ስንት ነው ያልከኝ፣ አንድ ጊዜ ለመድገም?» አለች፤ ነገርኳት።
«ውድ ነው» አለችኝ።
ትንሽ ዝም አለችና፦ «እስቲ እንድገም።»

ይኸው ደብተሩ፤ ድምሩ አልወጣልኝም፤
ጣሪያው እንዳፈሰ ነው፤ የሮብሌም ብር አልተመለሰም።
ልጁን፣ ከሁሉ ምን ጣመህ ብለው፦ «ከአፌ የወጣው ጭስ!»
ለጭስ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ መንገድ፣ ደርሶ መልስ።
ያዋጣል ወይ ብትሉኝ፣ አያዋጣም፤
ለሮብሌም አልመክረውም፤ ልጆቹ ሰባት ናቸው፤ አያዋጣም።

ትናንት ግን፣ ከከፊራ ስንመለስ፣ ከኋላ ተቀምጣ፣ ሽንኩርቱን አቅፋ፣
ወደ ደቻቱ ቁልቁል ፍሬኑን ለቀቅ አደረግኩት፣ ሆን ብዬ፣ ለአፍታ፤
ያ ድምፅ ከጀርባዬ መጣ።
አጭር ነበር። ወዲያው፣ «ሰው ይሰማል፣ ያዘው!» አለች፤
ጀርባዬን በሽንኩርት ከረጢት ነረተች።

በድምሩ ቦታ ስሟን ጽፌ ተውኩት።
ነገ መምህሩ ደብተር ይሰበስባል፤
በቀይ ኤክስ ያድርግበት።